አማቴ፣ ሞጁላቸውና የእኔ ግራ እግር

ሰው ምሳ በልቶ፣ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አላልቶ፣ እሑድ ከሰዓት ሶፋው ላይ በተዘረጋበት አማቱ ከጀርባው ተቀምጠው «እስቲ ስለ እናትህ ንገረኝ» ቢሉት ምን ይመልሳል? እናንተ መልስ ካላችሁ ለራሳችሁ ያዙት። ለእኔ አልፎብኛል።

ግን ከአማቴ መጀመሬ ጥሩ አይደለም። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ የግራ እግሬ ነበር።

እግሬ ቁጭ ስል ይንቀጠቀጣል። ተረከዜ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ፤ የእግር ስፌት መኪና የሚረግጥ ልብስ ሰፊ ነው የምመስለው። ልብስ ሰፊስ ሲረግጥ ውሎ ማታ ሱሪ ይወጣዋል፤ እኔ የሚወጣኝ ላብ ብቻ ነው። ደግሞ የሚገርመው እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር፤ ሰው ነው የነገረኝ። የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ባልደረባዬ አንድ ቀን ሻይዋ ከብርጭቆው ወጥቶ ፋይል ላይ ሲፈስ አየችና፣ «ይሄ ጠረጴዛ ምን ሆኗል? ብርድ ብርድ ይለዋል እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እንቁላል የተደረደረበት ካርቶን ጭኗ ላይ ይዛ፣ መጀመሪያ እግሬን፣ ቀጥሎ ፊቴን፣ ቀጥሎ እንቁላሉን አየችና፣ «ወንድሜ፣ እኔ እንቁላሉን በጥሬው ነው የምፈልገው፤ አትምታብኝ» አለች። ታክሲው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ አልኩና ተውኩት።

የመጨረሻው ግን አቶ ሸምሱ ናቸው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ እሳቸው ከእኛ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ክፉ ነገር ለመናገር እንኳን ጫማቸውን አውልቀው የሚገቡ ጨዋ ሰው። አንድ ምሽት በር አንኳኩ።

«ጎረቤት፣ ለክፉ አይደለም» አሉ፣ ጫማቸውን እያወለቁ። «ቡና ትወቅጣላችሁ።»

«እኛ?»

«በየማታው። ከዜና በፊት ትጀምራላችሁ፣ ከዜና በኋላ ትጨርሳላችሁ። መውቀጡስ ይሁን፣ ቤታችሁ ነው። ግን ይሄ ሁሉ ቡና ሲወቀጥ አንድ ቀን እንኳን ‹ሸምሱ፣ ውጣና ጠጣ› ማን አለኝ? ባለቤቴ አኩርፋለች። ‹ምን አድርገናቸው ነው?› ትለኛለች።»

ባለቤቴ ትዕግሥት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። በማግስቱ ወይዘሮዋን ጠርታ፣ እግሬ የወቀጠውን ቡና እሷ አፈላች።

አሁን ወደ አማቴ መግባት እችላለሁ።

አማቴ ወይዘሮ ይርገዱ ይባላሉ፤ ሰፈሩ ግን ቲቸር ይርገዱ ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተማሩ፣ በመጨረሻም ምክትል ዳይሬክተር ሆነው አምና ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጡት እሳቸው ናቸው እንጂ ድምፃቸው ጡረታ አልወጣም። ልጃቸውን ትዕግሥት ብለው የሰየሙት እሳቸው ናቸው፤ የነበራቸውን ትዕግሥት ሁሉ ለእሷ ሰጥተው መሰለኝ ለራሳቸው አላስቀሩም። ባላቸው ካረፉ ቆይቷል፤ የሚኖሩት ብቻቸውን፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከእኛ ሁለት ብሎክ አልፎ ምድር ቤት ነው። ስለ ምስጢርም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለእትዬ ይርገዱ ጠዋት ልደታ ማርያም ደጅ ላይ የተነገረ ወሬ ሰንጋ ተራ ለመድረስ የእግረኛ ያህል ጊዜ አይፈጅበትም። በክፋት አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ያወቁትን ለሌላ ሲያካፍሉ ነው የኖሩት፤ ሙያቸው ነው።

ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ወር አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራት ወፋፍራም ሞጁል ተሸክመው መጡ። በርቀት ትምህርት ሳይኮሎጂ ተመዝግበዋል።

«አሳይመንት ተሰጥቶኛል» አሉና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልን። «‹አንድ ችግር ያለበትን ሰው ምረጡ። ዋና ዋናዎቹን የሥነ ልቦና አቀራረቦች በዚህ ሰው ላይ እየሞከራችሁ አነጻጽሩ።›»

ከዚያ በመነጽራቸው አናት ላይ አዩኝ። ፊቴን ግን አልነበረም የሚያዩት።

«ሰው ፍለጋ የትም አልሄድም» አሉ።

ትዕግሥት ታስጥለኛለች ብዬ ዞር አልኩ። ብርቱካን እየላጠች ነበር። «ይረዳሃል» አለች፣ ቀና ሳትል።

የመጀመሪያው እሑድ የድብቁ አእምሮ ነበር። እንደ ሞጁሉ ከሆነ ሰው የሚያውቀው አእምሮው ከላይ የሚታየው ብቻ ነው፤ ችግሩ ያለው ከታች፣ ከልጅነት ጋር በተቀበረው ውስጥ ነው። ታማሚው ይጋደማል፣ ሐኪሙ ከራስጌው በስተጀርባ ይቀመጣል፤ እንዳይታይና ሰውየው ዘና እንዲል። ይህን ዘዴ የፈጠረው ሰው አማት አልነበረውም። አማት ከኋላህ ተቀምጣ የብዕር ድምፅ እየሰማህ ዘና ማለት ምን ማለት ነው?

«ስለ እናትህ ንገረኝ።»

ወጥመዱን አያችሁት? እናቴን ባመሰግን አማቴ «እኔስ?» ይላሉ። ክፉዋን ባወራ ደግሞ ሁለቱ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ።

«እናቴ... ደኅና ሴት ናት።»

«ደኅና ብቻ?» ብዕሩ ጫር ጫር አለ። «ጡት መቼ ነው ያስጣለችህ?»

«እትዬ፣ እኔ ይህን እንዴት አውቃለሁ?»

አላውቅም ማለት አልነበረብኝም። ስልካቸውን አወጡና ደብረ ብርሃን ደወሉ፣ ድምፁንም ከፈቱት።

«ልጄ ምን ሆነብኝ?» አለች እናቴ፣ ገና ሰላም ሳይባባሉ።

«ምንም አልሆነም፣ ይንቀጠቀጣል ብቻ። ጡት መቼ እንዳስጣሉት ፈልጌ ነው።»

ከዚያ እናቴ ቀስ ብላ፣ «ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው፣ ሬት ቀብቼ። ምነው፣ ዛሬ ትዝ አለው?» አለች።

ትዕግሥት ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ስትስቅ ግን ተሰማኝ።

ቀጥሎ ሕልም ተጠየቅኩ። በዚያ ሳምንት ያየሁትን ተናገርኩ፤ ረጅም ወረፋ ላይ ቆሜያለሁ፣ ከፊቴ ትልቅ በር አለ፣ ዘበኛው ወረቀት አምጣ ይለኛል፣ ኪሴን ብፈትሽ ብፈትሽ አጣሁ።

«በሩ እናትህ ናት» አሉ አማቴ።

«ወረፋውስ?»

«ወረፋውም እናትህ ናት።»

«ዘበኛውስ?»

ሞጁሉን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉ። «ዘበኛው እኔ ሳልሆን አልቀርም» አሉና ጻፉት።

በሁለተኛው ሳምንት ስለ ባሕርይ የሚያወራው ምዕራፍ ደረሰ፤ እሱን ሲያነቡ ፊታቸው በራ። «ሳይንስ ይሄ ነው!» አሉ። በዚህኛው አቀራረብ ውስጥህ ምን እንዳለ ማንም አይጠይቅህም። የሚታየው ብቻ ነው የሚቆጠረው፤ መልካም ስታደርግ ትሸለማለህ፣ ትለምዳለህ፣ አለቀ። ለውሻ ከምግብ በፊት ደወል እየደወሉ ያስለመዱ ሰው ነበሩ አሉ። አማቴም ደወል አላቸው። ጡረታ ሲወጡ ከትምህርት ቤቱ በስጦታ የተሰጣቸው፣ እጀታ ያለው የናስ ደወል። አምስት ደቂቃ እግሬ ጸጥ ካለ ደወሉ ይደወላል፤ ከደወሉ በኋላ ለውዝ ይሰጠኛል። አንድ ፍሬ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። የሰው ፋይል በእጄ ነው። አንድ ፍሬ ለውዝ!

ደግሞ ሠራ። የሚያናድደው እሱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ እየመጡ ደወሉ፤ ሐሙስ ላይ እግሬ የድንጋይ ያህል ረጋ። አቶ ሸምሱ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ፣ «መውቀጡን ተዋችሁት፤ አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈታችሁ?» አሉኝ። ይሁን። እሑድ ጠዋት ግን ልደታ ማርያም ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ ደወሉ ሲደወል አፌ በምራቅ ተሞላ። ያም ይሁን። እጄ ለካ በራሱ ተዘርግቷል፤ መዳፉን ወደ ላይ ከፍቶ ይጠብቃል። ለነዳያን ዳቦ እያደሉ ያልፉ የነበሩ አንዲት እናት አዘኑልኝና አንድ ቁራሽ አስቀመጡበት፤ «እግዜር ያስብህ ልጄ» ብለው አለፉ።

ምን ላድርግ? በላሁት።

ሰኞ ቢሮ ስገባ እግሬ እንደረጋ ነው፤ የቀኝ እጄ ጣቶች ግን ጠረጴዛውን መደብደብ ጀምረዋል። ባልደረባዬ ሻይዋን አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ረቡዕ ላይ እግሬ ተመለሰ፤ ጣቶቼም አልተዉም። በአንድ በሽታ ገብቼ በሁለት ወጣሁ ማለት ነው።

ትዕግሥት ያኔ ተቆጣች። እሷ በአንድ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ የሰው ነገር በሙሉ ብልቃጥ ውስጥ ይታያል ብላ ታምናለች። «እማዬ፣ ሰውዬውን ለውዝ ከማብላትሽ በፊት ደሙ መታየት ነበረበት» አለች። እናቷ ሞጁሉን ገለጡና፣ እንዲያውም ሥነ ሕይወታዊ የሚባል አቀራረብ አለ፣ ችግሩን ከአንጎል፣ ከዕጢና ከደም የሚፈልግ ብለው ተስማሙ። ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደሜ ተቀዳ፤ የገዛ ሚስቴ ሁለት ጊዜ ወጋችኝ፣ ሁለተኛውን ለማረጋገጥ ነው አለች። ምንም አልተገኘብኝም። ማኪያቶ አቁም ተባልኩ። አቆምኩ። ሦስት ቀን ራሴን አመመኝ፣ እግሬም ሥራውን እጥፍ አደረገ። ማኪያቶዬን ቀጠልኩ።

አራተኛው ሳምንት የአስተሳሰብ ነበር። «እግርህን የሚያንቀጠቅጠው ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ የምታስበው ነው» አሉኝና ደብተር ሰጡኝ። በየቀኑ የሆነውን፣ ያን ጊዜ ያሰብኩትን፣ ለሐሳቤ ያለኝን ማስረጃ እንድጽፍ። ጻፍኩ፦ ታክሲ ቆየ። እዘገያለሁ ብዬ አሰብኩ። ማስረጃ፣ ሰዓቴ። ቅዳሜ ደብተሩን ተቀብለው በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። ስድስት የፊደል ግድፈት አገኙብኝ፤ ከአሥር አምስት ተኩል ሰጡኝ። ከዚያ ደብተሩን ዘግተው ትንሽ አሰቡና፣ «አንተ ልጅ፣ ሳምንቱን ሙሉ የምታስበው ስለ ታክሲ ብቻ ነው?» አሉ።

እዚህ ላይ ለእናንተ እውነቱን ልናገር፤ አፍሬ ነው እንጂ ቀደም ብዬ ልነግራችሁ ይገባ ነበር። የማስበው ስለ ታክሲ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ በኮቴ የውስጥ ኪስ አንድ ደብዳቤ ይዤ እዞር ነበር። መሥሪያ ቤቴ ጅማ ቅርንጫፍ የመዝገብ ቤት ኃላፊ አድርጎ መድቦኛል፤ ፈቃደኛ መሆኔን አሳውቅ ተብያለሁ። ዕድገት ነው። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነው። ለትዕግሥት ግን አልነገርኳትም። ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ወጡ ጣፈጠ፣ ለምን ላበላሸው እላለሁ። ነገ እላለሁ፣ ነገ ደክሟት ትመጣለች። በሙቀት ኮት ለብሼ ስቀመጥ፣ «ምነው አታወልቀውም?» ትለኛለች። «ይበርደኛል» እላለሁ፣ ላቤ እየወረደ። ይሄን እንዴት አድርጌ ደብተር ላይ ልጻፈው? ደብተሩ የሚታረመው በእናቷ ነው!

አምስተኛው እሑድ መጣ። ትዕግሥት ተረኛ ሆና ክሊኒክ ነበረች፤ ቤቱ ውስጥ እኔና አማቴ ብቻ ነን። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ደግሞ ቤቱ ሲበዛ ጸጥተኛ ነው።

የዚያን ቀን አቀራረብ ሰብአዊ ይባላል። ሕጉን አነበቡልኝ፣ ሲያነቡም ድምፃቸው ወረደ። አዳማጩ አይፈርድም። አይመክርም። አያቋርጥም። ሰውየው መፍትሔው በራሱ ውስጥ አለና፣ አዳማጩ የተባለውን መልሶ ከማለት በቀር ምንም አይልም። የሚነገረውም ምስጢር ሆኖ ይቀራል። አሁን ይሄ ለእትዬ ይርገዱ ዓሣን ደረቅ መሬት ላይ ዋኝ እንደማለት ነው። ከንፈራቸውን ነክሰው ተቀመጡ።

«ዛሬ ምንም የምለው የለኝም» አልኩ።

«ዛሬ ምንም የምትለው የለህም» አሉ።

«ደክሞኛል።»

«ደክሞሃል።»

«እትዬ፣ እያሾፉብኝ ነው?»

«እያሾፍኩብህ...» ገታ አሉ። ሞጁሉን ሰረቅ አድርገው አዩ። «እያሾፍኩብህ መሰለህ።»

እግሬ ብቻ ይወቅጣል። ከኋላዬ ሳይሆኑ ፊት ለፊቴ ነበር የተቀመጡት፤ እንዲህ ዝም ብለው ሲያዩኝ በሃያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያቸው ነው። ሰው ዝም ብሎ ሲያይህ ምን ትሆናለህ? አፍህ ይከፈታል።

«ጅማ መድበውኛል» አልኩ።

ብዕራቸው ወደቀ። «ጅማ መድበውሃል።»

«ለትዕግሥት አልነገርኳትም።»

«ለት... ለትዕግሥት አልነገርካትም።» አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተወጠረ።

«ሁለት ወር ሆነኝ።»

የወንበሩን እጀታ ጨበጡ። «ሁለት። ወር። ሆነህ።»

«‹አትሂድ› ካለችኝ፣ እሷ አስቀረችኝ እያልኩ ልኖር ነው። ያን አልፈልግም። ‹ሂድ› ካለችኝ ደግሞ...» ኪሴ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ዳበስኩ። «ልጅቷ ሄዳለች። እኔም ስሄድ ምንም ሳይመስላት ‹ሂድ› ብትለኝስ፣ እትዬ?»

ይህን አልደገሙትም። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠርዝ ጠረጉት፤ አልቆሸሸም ነበር።

«‹ሂድ› ካለችህ ትሞታለህ» አሉ።

እኔ እንደዚያ አላልኩም። ሞጁሉም እንደዚያ በሉ አይልም። ግን ልቤ ውስጥ የነበረው እሱ ነበር። ወለሉን አየሁ፤ እግሬ ቆሟል። ጣቶቼም ቆመዋል።

ሊወጡ ሲሉ በር ላይ፣ «አሳይመንቱ ላይ ልጻፈው? ስምህን አልጠቅስም» አሉኝ።

«እባክዎ እትዬ። እንዳይጽፉት። ለማንም እንዳይነግሩ።»

«ባለሙያ ነኝ» አሉ። ፊታቸው ግን ትኩስ ድንች ጎርሶ እንግዳ ፊት መትፋት ያፈረ ሰው ፊት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት የእሳቸው መከራ ነው። ቤታችን ይመጣሉ፣ አይቀመጡም። ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ። ትዕግሥት ብቻቸውን ስታገኛቸው ቶሎ ይጎርሳሉ፤ የሚጎረስ ከጠፋ ውሃ ይጠጣሉ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መጮህ የሚጀምረው ስልካቸው ጸጥ አለ፤ ለካ አንዱን ወሬ ላለማውጣት ሁሉንም ዘግተውታል። ግቢውን እየዞሩ በእግር መሄድ ጀመሩ፤ በፍጥነት፣ ከንፈራቸውን ገጥመው። ሴቶቹ፣ «ቲቸርን ምን ነካቸው? ሰላም ስንላቸው በእጅ ብቻ ነው የሚመልሱት» አሉ።

«እናቴን ምን አደረግሃት?» አለችኝ ትዕግሥት አንድ ቀን።

«እኔ? እኔ ነኝ ወይስ እሳቸው ናቸው ለውዝ ሲያበሉኝ የከረሙት?»

«አሟታል። እናቴ ዝም ብላ አታውቅም። ደሟን አየዋለሁ።»

ቀዳቻቸው። እትዬ ይርገዱ መርፌው ሲገባ በትዕግሥት ትከሻ ላይ አሻግረው አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ለአንድ ሳምንት ረግቶ የነበረው እግሬ እዚያው እንደተቀመጥኩ እንደገና ተነሳ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ አምፖል ተቃጠለብኝ ብለው ጠሩኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ አምፖሉን ስፈታ ከታች ጠረጴዛው ላይ አሳይመንታቸው ታርሞ መጥቶ ተዘርግቷል። ከላይ ሆኜ አነበብኩት። ስለ እናቴ አራት ገጽ አለ። ስለ ለውዙ በማስመሪያ የተሰመረ ሰንጠረዥ። ስለ ደሜ አንድ ገጽ፣ ስለ ታክሲዬ ሁለት። በመጨረሻ «ሰብአዊ አቀራረብ» ከሚለው ርዕስ ሥር ግን በዚያ በሚያምር የሰሌዳ ጽሕፈታቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ «ባለጉዳዩ ተናገረ። የተናገረውን እንድጽፍ አልፈቀደልኝም።»

ከጎኑ በቀይ፣ «ማስረጃ የለም። ያልተሟላ ሥራ» ይላል። አናቱ ላይ ደግሞ ውጤቱ፦ «ሲ»።

ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ደብተር ላይ «ያልተሟላ» ሲጽፉ የኖሩ ሴት ናቸው።

«እትዬ... ሲ?»

«ማለፊያ ነው» አሉ። የአምፖሉን ካርቶን እያጣጠፉ ነበር፣ እያጣጠፉ፣ እየፈቱ።

«ስም ሳይጠቅሱ መጻፍ ይችሉ ነበር እኮ።»

«እዚህ ግቢ ውስጥ ግራ እግሩ የሚወቅጥ ስንት ሰው አለ?» አሉ። «ጠየቅኩህ፣ እምቢ አልክ። በቃ።»

አምፖሉን ማሰሬን እንኳን አላስታውስም። ሁለቱን ብሎክ እንዴት እንዳለፍኩ፣ ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ትዕግሥት ሸሚዜን እየተኮሰች ነበር። በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ፣ «ጅማ መድበውኛል» አልኳት።

ካውያውን አቆመችው። «መቼ?»

«ሦስት ወር ሊሆነው ነው።»

«ሦስት... ማን ያውቃል?»

«እናትሽ።»

«የቷ እናቴ?»

«ስንት እናት ነው ያለሽ?»

«እማዬ?» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እማዬ ይሄን አውቃ ዝም አለች? ስንት ቀን?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ታማለች ብዬ ደሟን ቀዳሁ እኮ!» አለችና በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። ስለ ጅማ ገና ምንም አላለችም። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ደብዳቤውን አምጣ።»

አወጣሁት። በላብ ርሶ ደርቆ፣ በማጠፊያው ሊቆረጥ ደርሷል። የፊቱን ገጽ አነበበች። ከዚያ ገለበጠችው።

ገለበጠችው! እኔ ስንት ዓመት መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ሁሉ «ጀርባውን አይተውታል?» የምል ሰው፣ የራሴን ደብዳቤ ጀርባ አላየሁም።

ጮክ ብላ አነበበች። «‹በአሥራ አምስት ቀናት ውስጥ ምላሽዎን ካላሳወቁ ምደባውን እንዳልተቀበሉት ይቆጠራል።›» ቀና አለች። «ስንት ቀን ሆነው አልከኝ?»

በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ሳቅ ነበር። ወንበሩን ይዛ ሳቀች፣ ወረቀቱን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ሌላ ምን ልሁን? እናቴ ሬቱን አስታውሳ፣ እኔ የነዳያን ዳቦ በልቼ፣ አማቴ ሲ አግኝተው፣ ሹመቱ ገና ድሮ ሄዷል። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ሸሚዙን ጎተት አድርጋ አስተካከለች፣ ካውያውን ግን አላነሳችም።

«ምን ትለኛለች ብለህ ነው የፈራኸው?»

«ወይ ሂድ ወይ አትሂድ።»

«ሌላ ቃል አላውቅም?»

የሸሚዙን እጅጌ አቃናሁ።

«‹እንሂድ› ነበር የምልህ» አለች። «ላብራቶሪ የሌለበት ከተማ አለ? ልጅቷ እንደሆነች ከዚህም ሩቅ ናት ከዚያም። እማዬም የምትማረው በርቀት ነው፤ ጅማ ቢሆን ምን ትሆናለች?» ድምፏ እዚህ ላይ ትንሽ ተሰበረ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔን ብቻ ነው ያልጠየቅከኝ።»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ማታ ሁለታችንም ወርደን እትዬ ይርገዱን ነገርናቸው፣ ትዕግሥት ሁሉን እንዳወቀች፣ ጅማም እንዳለፈችን። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ እኔ እንደዚያ ያለ ትንፋሽ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሌላ ቦታ ክፍት ቢገኝ አብረውን ይሄዱ እንደሆን ትዕግሥት ጠየቀቻቸው። «ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው እኔን አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ዛሬ ገና ነው፤ እንዴት አልሄድም?» አሉና ለእራት ካልቆያችሁ ብለው ተቆጡን።

ሰኞ ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። ጅማ ሌላ ሰው ሄዷል። በቅርቡ ሌሎች ቅርንጫፎች ላይ ክፍት ቦታ ይኖራል፣ ማመልከቻ አስገባ አሉኝ። ጻፍኩ። ከማስገባቴ በፊት ለትዕግሥት ሰጠኋት። ፊቱንም ጀርባውንም አየች፤ ጀርባው ባዶ ነበር፣ ቢሆንም አየችው። ከዚያ ብዕር አንስታ መጨረሻው ላይ «በተመደብኩበት ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» ካልኩት ውስጥ አንዲት ፊደል ሰረዘችና በላይዋ ሌላ ጻፈች።

የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ማመልከቻውን አንብባ ፊቷን አጨማደደች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ስህተት አለ። ‹ዝግጁ ነን› ይላል።»

«ስህተት አይደለም።»

«እንዴ? ስንት ሆናችሁ ነው የምትመደቡት?»

«ሦስት» አልኳት።